ሲባጎ አያደላም

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት አከራዮች ጠባይ ያነሳነው ጨዋታ ጥቂት ሰው ሳያስቆጣ አልቀረም። ያንን ለጊዜው እናሳድረውና ዛሬ ወደ ሌላ ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ጉዳዩ ፍቅር አይደለም፤ ትዳርም አይደለም። የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ነው። «ኧረ ባክህ! ይኼ የመካኒክ ሥራ አይደል እንዴ?» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የቸኮላችሁ ካላችሁ አንድ ጊዜ ታገሱኝ። የማወራችሁ ነገር የአንድ ልጅ ክንድ የተሰበረበት፣ እኔም ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት ነው።

በቅድሚያ የደረሰኝን ደብዳቤ ላካፍላችሁ።

«ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጅ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። የምተዳደረው በሞተር ዕቃና ምግብ በማድረስ ነው። ካቴና ከነጥርሱ ከቀየርኩ ገና 4 ወር አልሞላኝም። አሁን ግን ይንጫጫል፤ ሞተሯም ቀጥ ብዬ ስሄድ ወደ አንድ ጎን ትሳብብኛለች። ጋራዥ ስወስዳት ‹ካቴናው አልቋል፣ ከነጥርሱ ቀይረው› አሉኝ። ያለኝን ብር ያስቀመጥኩት ለእህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ‹አቦ አታካብድ፣ ጠበቅ አድርገውና ሥራህን ሥራ› ይሉኛል። የቱን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ብርህን ከማውጣትህ በፊት አንዲት ጥያቄ ልጠይቅህ። ካቴናው ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠብቅ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ መቀመጡን በምን አረጋገጥክ? «በዓይኔ ዓይቼ» የምትለኝ ከሆነ እኔና አንተ አንድ ዓይነት ጥፋት አጥፍተናል ማለት ነው። ልዩነታችን፣ የእኔን ጥፋት ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

«አየሁት እኮ፣ ቀጥ ብሏል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ እንዳንተው በሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚኖር ልጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ሲጣል ሥራ ፈትቶ ከርሞ፣ በኋላ ፈቃድ ያለው ድርጅት ጋ ተቀጥሮ ነው እንደገና የተነሳው። የቤት ኪራያችን ግማሽና የእናታችን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወጣው ከዚያች ሞተር ነው።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ «ወንድም ጋሼ፣ ካቴናዋ ላልታለች፣ እስቲ እያት» አለኝ። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ የተበላሸው ሁሉ በእጄ ስለሚጠገን ሰፈር ውስጥ «መሐንዲሱ» የሚባልልኝ ሰው ነኝ። የኳስ ጨዋታ ሊጀመር 15 ደቂቃ ቀርቶታል። የኋላውን ዘንግ ዳዶ አላላሁ። ካቴናው ያለው በግራ በኩል ነውና የግራውን መወጠሪያ ዞር ዞር አደረግኩት፤ ካቴናው ተወጠረ። የቀኙን «በቃ ይኼን ያህል ይበቃዋል» ብዬ በግምት አዞርኩ። ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ የተሰመሩት ምልክቶች በቀኝ በኩል ጭቃ ለብሰዋል፤ ለመጥረግ ሰነፍኩ። ከኋላ ቁጢጥ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። «ቀጥ ብሏል!» አልኩ። ዳዶውን ጠርቅሜ ወደ ቴሌቪዥኔ ሮጥኩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው!

ሦስት ሳምንት አለፈ። በመሃል አንድ ቀን «ድምፅ አላት እኮ» ብሎኝ ነበር። «ዘይት ቀባት» አልኩት። ዘይት ቀባት።

ነሐሴ ነው፤ ዝናብ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር የሚወስደውን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ማርሽ ቀነሰ። ካቴናው ከጥርሱ ዘሎ ወጣና በጥርሱና በክንዱ መሃል ተቀረቀረ። የኋላው ጎማ መዞሩን አቆመ። ሞተሯ ተንሸራታ ጣለችው። ከኋላው ይመጣ የነበረው ሚኒባስ ሹፌር ዕድሜ ይስጠውና አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ወንድሜ ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። ለእናታችን «መንገዱ አንሸራቶኝ ነው» አላት። እኔም ዝም አልኩ። ግማሽ ልቤ እውነት መንገዱ ነው ብሎ አምኗል፤ ግማሹ ግን ያቺን እሁድ ያስታውሳል።

የግንበኛው ሲባጎ

ሞተሯን አንስተን ግቢ ውስጥ አቆምናት፤ ማንም ሳይነካት ሁለት ሳምንት ቆየች። በዚያን ሰሞን አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ አጥራችንን ሊሠሩ መጥተው ነበር። ሲባጎ ወጥረው ብሎኬት ይደረድራሉ። እኔ ደግሞ ከሞተሯ ኋላ ቁጢጥ ብዬ እንደለመድኩት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ።

«ምን እያየህ ነው አንተ ልጅ?» አሉኝ።

«ጎማው ቀጥ ማለቱን ነው ጋሼ።»

ሳቁብኝ። «እኔ ስንት ዓመት ስገነባ በዓይኔ አምኜ አንድ ብሎኬት አስቀምጬ አላውቅም። ብሎኬት እንኳ ቢጠም ፈርሶ ይሠራል። አንተ ሰው የሚቀመጥበትን ነገር በዓይንህ ትለካለህ?» አሉና የሲባጎውን ጥቅል ወረወሩልኝ።

ወጠርነው። በቀኝ በኩል ሲባጎው የፊት ጎማውን ገፍቶ ተጣመመ። በግራ በኩል ጣቴ ያለ ችግር በመሃል አለፈ። በሜትር ስለካው የግራው ወደ ኋላ የተሳበው ከቀኙ 2 ሚሊ ሜትር በልጦ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ! ግን እግሬ ተንቀጠቀጠ። ያንን የግራ ብሎን ያዞርኩት እኔ ነኛ።

ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ነው የሚጠመው?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የኋላ ጎማችሁን በግራና በቀኝ የያዘው ክንድ ጫፍ ላይ ረዘም ያለ ቀዳዳ አለ። የጎማው ዘንግ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት ይችላል። ካቴና ሲላላ ዘንጉን በሁለቱ መወጠሪያዎች ወደ ኋላ መሳብ ነው። ችግሩ መወጠሪያዎቹ ሁለት መሆናቸው ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እኩል ካልተሳቡ ዘንጉ ይንጋደዳል፤ ጎማውም ወደ አንድ ጎን ያያል።

«2 ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል?» እንዳትሉ። እስቲ አብረን እናስላ። በሁለቱ መወጠሪያዎች መሃል ያለው ርቀት በትናንሾቹ ሞተሮች 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከኋላ ጎማ መሃል እስከ ፊት ጎማ መሃል ደግሞ 1 ሜትር ከ25 ያህል። እዚህ ኋላ ያጠፋናት 2 ሚሊ ሜትር ፊት ጎማ ዘንድ ስትደርስ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች። ስድስት እጥፍ! በዓይን የማትታየው ስህተት በሲባጎ የምትታየው ለዚህ ነው። ሲባጎው ስህተታችሁን አጉልቶ ያሳያችኋል።

ጎማው ሲጠም ካቴናው ጥርሱን በጎኑ እያሻሸ ይሄዳል። ይጮኻል፤ ቶሎ ያልቃል፤ ጥርሱንም ይበላል። ሞተሯ ወደ አንድ ጎን ልትሳብ ትችላለች፤ ጎማውም በእኩል አያልቅም። ካቴናው በዚያ ላይ ላላ ካለ ደግሞ ዘሎ ሊወጣ ይችላል። የወንድሜን ነገር ሰምታችኋል።

በክንዱ ላይ ያሉት ምልክቶች ይረዳሉ፤ ብቻቸውን ግን አይታመኑም። ጭቃ ይሸፍናቸዋል፤ በግራና በቀኝ ትክክል እኩል ያልተሰመሩበት ሞተርም ይገኛል። ምልክቱ ለመጀመሪያ ነው፤ ሲባጎው ለማረጋገጫ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

ሲባጎ 6 ሜትር ያህል፣ ሁለት ብሎኬት (ወይም ውኃ የሞላ ጄሪካን)፣ ማስመሪያ፣ ሜትር፣ ለዘንጉና ለመወጠሪያው የሚሆን ቁልፍ፣ ጨርቅ። በቃ። ሲባጎ፣ ካቴና፣ ዳዶ... ሦስቱም ስማቸው ከጣልያን የመጣ ነው፤ ዕቃዎቹ ግን ዛሬ በየሰፈሩ አሉ። ጠፍጣፋ መሬት ፈልጉ። አንድ ጓደኛም ጥሩ፤ የግድ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት፦ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ጎማውን የምታዞሩት በእጃችሁ ብቻ ነው። ሞተር አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ ካቴና የሚነካ ሰው ጣቱን ጥርስና ካቴና መሃል ሊተው ይችላል። ይኼ ቀልድ አይደለም።

አሠራሩ

አንደኛ፣ ሞተሯን በካቫሌቶ፣ ማለትም በመሃለኛው መቆሚያ አቁሟት። በጎን መቆሚያ ብቻ ከሆነ ዘንበል ስለምትል ልኩ ይበላሻል፤ ጓደኛችሁ ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ። የሁለቱንም ጎማዎች ጎንና የክንዱን ሁለት ጫፎች በጨርቅ ጥረጉ። (እኔ የሰነፍኩባት ቦታ ይህች ናት!)

ሁለተኛ፣ በሁለቱም በኩል ያሉትን ምልክቶች ቁጠሩ። ግራው ሦስተኛው ላይ ከሆነ ቀኙም ሦስተኛው ላይ ይሁን። ሜትር ካላችሁ ደግሞ ክንዱ ከሞተሯ አካል ጋር ከሚታጠፍበት ብሎን መሃል እስከ ዘንጉ መሃል በግራም በቀኝም ለኩ፤ ሁለቱን ጻፉ።

ሦስተኛ፣ ሲባጎውን መሃሉ ላይ ይዛችሁ በኋላ ጎማው ጀርባ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አዙሩት። ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ወደ ፊት ሳቡ። በካቫሌቶው እግሮች መሃልና ከሞተሩ ሆድ በታች ምንም ሳይነካ ይለፍ። አንድ ብሎን እንኳ ከነካው ልኩ ውሸት ነው፤ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት።

አራተኛ፣ ጫፎቹን ከፊት ጎማው አለፍ ብሎ በተቀመጡት ሁለት ብሎኬቶች ላይ እሰሩ። ሲባጎው እንደ ክራር ክር ይወጠር። አሁን ብሎኬቶቹን በጥቂት በጥቂቱ ወደ መሃል አስጠጉ። ዓላማው ይኼ ነው፦ ሲባጎው የኋላ ጎማውን ጎን በሁለት ቦታ፣ በኋላ ጫፉና በፊት ጫፉ፣ ለስለስ አድርጎ እንዲነካ። ካልነካ ገና ነው፤ ከገፋውና ከተጣመመ አልፏል። ሁለቱም ጎን ላይ እንዲህ ሲሆን ሲባጎዎቹ የኋላ ጎማችሁ የሚያይበትን አቅጣጫ ያሳዩአችኋል።

አምስተኛ፣ ወደ ፊት ጎማ ሂዱ። መሪውን ቀስ እያደረጋችሁ ጎማውን አስተካክሉ። በአንዱ ጎን፣ በፊት ጎማው የፊት ጫፍና የኋላ ጫፍ ከሲባጎው ያለው ክፍተት እኩል ሲሆን ተዉት፤ መሪውን አትንኩ።

ስድስተኛ፣ ማስመሪያውን አውጡና የግራውን ክፍተት ለኩ፤ ከዚያ የቀኙን። እኩል ናቸው? እንኳን ደስ ያላችሁ!

ስንት ሊሆን ይገባል ለምትሉ፣ ጎማችሁ ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለምሳሌ ፊት 2.75-17፣ ኋላ 3.00-17 ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች ነው። የኋላው በሩብ ኢንች፣ ማለትም በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትጠብቃላችሁ። የሁለቱም ስፋት አንድ ከሆነ ሲባጎው የፊቱንም ጎማ በሁለቱም ጎን ለስለስ አድርጎ ይነካል። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ከእጅም ከሲባጎም ሊመጣ ስለሚችል አትጨነቁበት።

ጠሞ ከተገኘስ?

ይህችን በደንብ ያዙልኝ፦ ክፍተቱ የሰፋበት ጎን ከመጠን በላይ ወደ ኋላ የተሳበው ጎን ነው። በግራ ሰፍቶ በቀኝ ሲባጎው ጎማውን ከገፋው፣ የግራው መወጠሪያ በዝቷል ወይም የቀኙ አንሷል። የእኔ ጥፋት ይኸው ነበር።

የዘንጉን ዳዶ አላሉ። ዳዶው ላይ የምትገባ መቆለፊያ ሽቦ ካለች አስቀድማችሁ አውጧት። የበዛውን መወጠሪያ በግማሽ ዙር ላላ አድርጉና ጎማውን ከኋላ በጉልበታችሁ ወደ ፊት ገፋ አድርጉት፤ ካልገፋችሁት ዘንጉ ባለበት ይቀራል። እንደ ብሎኑ ጥርስ ቢለያይም አንድ ሙሉ ዙር ዘንጉን በ1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያንቀሳቅሰዋል። ያ ደግሞ ፊት ጎማ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ልኬት፤ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ልኬት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሲባጎው እኩል ሲሆን ተራው የካቴናው ነው። ከታች በኩል፣ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ላይ በጣታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። በትናንሾቹ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መጫወት አለበት፤ የእናንተን ልክ ከሞተሯ ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ በሦስት አራት ቦታ ሞክሩት፤ የሚጠብቅበት ቦታ ካለ ልኩን የምትወስዱት እሱ ላይ ነው። ላላ ካለ ሁለቱንም መወጠሪያ እኩል ሩብ ዙር፣ እኩል ሩብ ዙር አጥብቁ። «ጠበቅ ይበል» ብላችሁ እንደ ሽቦ እንዳትወጥሩት፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታ ይበላል።

አሁን ዳዶውን አጥብቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ልኬት ከዳዶው በፊት አይደለም፤ ከዳዶው በኋላ ነው። አጥብቁ፣ ወደ ሲባጎው ተመለሱ፣ እንደገና ለኩ። ሽቦዋንም ወደ ቦታዋ መልሱ።

በመጨረሻም ፍሬን! የኋላ ፍሬናችሁ በታምቡር የሚሠራ ከሆነ ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ የፍሬኑ ዘንግ ይሳባል፤ ሸራው ታምቡሩን እያሸ ሊቀር ይችላል። ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት፤ ነፃ ሆኖ ይዞራል? ፔዳሉን ስትረግጡት ይይዛል? ስትለቁት ይለቃል? በፍሬኑ ማስተካከያ ዳዶ አስተካክሉ። ታምቡሩን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ብረት ብሎኑ መጥበቁንም ተመልከቱ። ከዚያ መኪና በሌለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ ሞክሯት። እጅ ለቅቆ «ትሳባለች ወይስ አትሳብም» ብሎ መፈተን የፋራ ሥራ ነው፤ እሱን ተዉት።

ሲባጎ የማይፈታው

ሁሉም ነገር በሲባጎ አይድንም። ከዘንጉ እስከ ክንዱ ማጠፊያ ያለው ልክ በግራና በቀኝ እኩል ሆኖ ሲባጎው ግን አሁንም ጠማማ ካሳያችሁ፣ ክንዱ ወይም አካሏ ጎብጦ ይሆናል፤ ወይም ጎማ ሲፈታና ሲገጠም ማራራቂያው ቀለበት ቦታ ተቀያይሮ ይሆናል። ጎማውን ይዛችሁ ወደ ጎን ስትነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው ሳይሆን አይቀርም። ቸርኬው ታጥፎ ከሆነም ጎማው ሲዞር ያሳብቃል። እነዚህን ይዛችሁ ጋራዥ ሂዱ። ግን ስትሄዱ ምን እንደለካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «ግራ ይኼን ያህል፣ ቀኝ ይኼን ያህል» ብሎ የሚናገር ደንበኛ ፊት መካኒኩም ይጠነቀቃል።

ወዳንተ ልመለስ፣ ባለ ደብዳቤው ወንድሜ

ጋራዡ ዋሽቶሃል አልልህም። ካቴናህ እውነት አልቆ ሊሆን ይችላል። እሱንም ራስህ ታውቀዋለህ፦ የኋላው ጥርስ መጨረሻ ላይ፣ ካቴናው ከኋላ በሚዞርበት ቦታ፣ በጣትህ ይዘህ ወደ ኋላ ሳበው። ከጥርሱ ላይ ተነስቶ የጥርሱ ግማሽ ያህል ከታየህ አልቋል። ጥርሶቹ እንደ መንጠቆ ከጎበጡም እንዲሁ። ቀጥሎ የጥርሶቹን ጎን በስልክህ መብራት ተመልከት። አንዱ ጎን ብቻ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ገንዘብህን የበላው ጠማማው ጎማ ነው።

ካላለቀ፣ አስተካክለህ የእህትህን ክፍያ ክፈል። ካለቀ ግን ጓደኞችህን አትስማ፤ ያለቀ ካቴና ጠበቅ ስላደረጉት አይታደስም። ቀይረው፤ ለእህትህ ትምህርት ቤትም ቀን እንዲሰጡህ ቀርበህ አነጋግር፤ አንተ ከወደቅክ የሚከፍልላት የለም። የምለምንህ አዲሱን ካቴና በጠማማ ጎማ ላይ እንዳታስገባ ነው። እንደዚያ ካደረግክ የዛሬ 4 ወር ይህንኑ ደብዳቤ እንደገና ትጽፍልኛለህ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለው» እንደተባለው ነው።

ቀኑን ሙሉ የምትሠራባት ሞተር ስለሆነች ካቴናውን በየሳምንቱ እየው። ባጠበቅከው ቁጥር ደግሞ ሲባጎውን አውጣ። 20 ደቂቃ ነው፤ እጅህ ሲለምድ 10።

እኔና ወንድሜስ?

ያን ቀን ከግንበኛው ጋር የግራውን ሁለት ዙር አላልቼ ጎማውን ወደ ፊት ስገፋው ሲባጎዎቹ በሁለቱም ጎን እኩል ሆኑ። የሞተሯ አካል አልጎበጠም ነበር። መንገዱም ቢሆን ብቻውን አልጣለውም። ማምሻውን ወንድሜ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ፣ እናታችን ቡና እያፈላች ቁጭ ብለን «ያንን ካቴና ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ጎማውን አጣምሜው ነበር» አልኩ።

እናታችን ሲኒውን እንደያዘች ቀረች። ወንድሜ ትንሽ ዝም ብሎ «አውቃለሁ ወንድም ጋሼ» አለኝ። «ስትለካው አላየሁህም እኮ።»

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይናገረን በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት ሁለታችንም ግቢ ውስጥ ነን። እሱ የግራውን ይለካል፤ እኔ የቀኙን። ሁለታችንም ቁጥሩን ጮክ ብለን እንናገራለን። እናታችን ከበሩ ላይ ሆና «እኩል ነው?» ትላለች። እኩል ነው ካልናት በኋላ ነው ቁርስ የሚቀርበው።

እናንተም ሞተር የምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ወይም የሚነዳ ወንድም፣ ጓደኛ፣ ፍቅረኛ ያላችሁ፣ በዚህ እሁድ አንድ ጥቅል ሲባጎ ግዙ። ያገኛችሁትን ጻፉልኝ።

ቸር እንሰንብት።